እመት አንጓችን ልንረዳ የሄድን ጊዜ

ምጽዋት የሚከብደው ለሰጪው ነው ይባላል። ውሸት ነው። ምጽዋት የሚከብደው ለተቀባዩ ነው። ሰጪው ቢበዛ አንድ ቁና ገብስ ይጎድልበታል፤ እሱንም እስኪሞት ድረስ ሲያወራው ይኖራል። ተቀባዩ ግን ቤቱን መጥረግ አለበት፣ ሲገቡ መነሳት አለበት፣ ሲወጡ መመረቅ አለበት፣ በመካከሉም ፊቱን የችግረኛ ፊት አስመስሎ መጠበቅ አለበት። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ የእኛ አገር ሰው ከሆነ፣ ሰጪውን ምሳ ማብላት አለበት።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። መጻሕፍቱማ የሚሉት ተቃራኒውን ነው፤ ብዙዎቹን አንብቤአቸዋለሁ፣ ጥቂቶቹንም እስከ መጨረሻው። አሁን በምኖርበት ከተማ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር አለ። በዓመት አንድ ቀን ድሆችን ይጎበኛል፤ ፎቶግራፍ አንሺ ይቀድማል፣ ባርኔጣ ያደረጉ ወይዛዝርት ይከተላሉ፣ ዱቄቱ ከኋላ ይመጣል። ሰሞኑን አባል ሁን ብለው ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። «እመት አንጓችን ሳላማክር አልችልም» አልኳቸው። ባለቤቴ መስለዋቸው እንደሁ እንጃ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። እመት አንጓች ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ እስከ ዛሬ የማማክረው እሳቸውን ነው።

ነገሩ የሆነው በአገሬ በጋይንት፣ ወደ ስማዳ የሚያስቆለቁለው ገደል አፋፍ ላይ ባለች አጥቢያ ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ፣ ሰው ቤቱን ዳግም ከድኖ በሬውን ዳግም ጠምዶ፣ ትንፋሹን በሰበሰበበት ጊዜ ነው። እኔ ደብረ ታቦር ጥቂት ተምሬ የተመለስኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ጥቂት የተማረ ሰው አደገኛ ነው፤ ብዙ የተማረ ሰው ቢያንስ ይደክመዋል። አባቴ በዚያው ሰሞን አርፈው ስለነበር ሁለት ነገር ወረስኩ፤ አንድ አመለኛ በሬ እና በመድኃኔ ዓለም ማኅበር የነበራቸውን ቦታ። በሬው ይዋጋል፣ ማኅበሩ ይበላል።

አበላሉን ዛሬ ባገኘሁት! በየወሩ በሃያ ሰባት ተረኛው ቤት እንሰበሰባለን። መምሬ ፈንቴ ጸሎቱን ያደርሳሉ፤ ድፎ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፤ ሲያበቃም የማኅበሩ ጽዋ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። እሱም ጽዋውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ፣ በእልልታ ታጅቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። መምሬ ፈንቴ እዚያው ጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም ድጓ ሲማሩ የጎልማሳነት ዘመናቸውን የጨረሱ ካህን ነበሩ፤ ድምፃቸው ማር፣ ቀልዳቸው ሰናፍጭ። የማኅበሩ አለቃ፣ በእኛ ደንብ ሙሴ የሚባለው፣ ባላምባራስ ቢተው ነበሩ። ሰፊ ሰው ናቸው። በቅሏቸው ኮርቻ ሲያወጡ ስታይ ዓይኗ እንባ ያቀርራል እየተባለ ይወራ ነበር።

ታዲያ በአንዱ የኅዳር ማኅበር፣ ሆዴ ከጠገበ በኋላ፣ ሕሊናዬ ተነሣ። ሕሊና ሁልጊዜ የሚነሣው ከምግብ በኋላ ነው።

«ክርስትና ተቀምጦ መብላት ብቻ አይደለም» አልኩ። «መውጣት አለብን።»

«ወዴት?» አሉ ባላምባራስ። «ገና አሁን ገባን እኮ።»

«ወደ ድሀው ቤት።»

«ድሀውስ በየበዓሉ ደጃችን የለም እንዴ? መንገዱን ከእኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።»

«የሚያፍረው ድሀ አይመጣም» አልኩ።

መምሬ ፈንቴ ጺማቸውን ዳሰስ አደረጉና «ልጁ እውነት ተናገረ» አሉ። «በስሕተት ቢሆንም እውነት እውነት ነው።»

የሚያፍር ድሀ ማነው ተባለ። ሁሉም በአንድ አፍ እመት አንጓች አለ። እመት አንጓች ከገደሉ አፋፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ባላቸው አቶ ገላው የማኅበራችን ሰው ነበሩ፤ ካቻምና ሞቱ፤ ልጅ አልተዉም። ገላው ሲሞቱ ማኅበሩ አዝኖ «ብቻዋን ሴት ከየት አምጥታ ትደግሳለች?» ብሎ ተራቸውን አነሣላቸው። ከዚያ ወዲህ ጽዋው ከባላምባራስ ቤት ሲወጣ የገላውን ደጅ አልፎ በቀጥታ ወደ አባቴ ቤት ይመጣ ጀመር። ባለፈው ክረምት ደግሞ በረዶ ገብሳቸውን መታባቸው። ከእሳቸው የተሻለ ችግረኛ ከየት ይገኛል? እኔማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በጥር አንድ ቀን፣ እያንዳንዳችን ገብስ አዋጥተን፣ በአንዲት አህያ ጭነን፣ ማኅበሩ በሙሉ ወጣ። ማኅበሩ በሙሉ መውጣቱ የእኔ ሐሳብ ነበር፤ ፍቅር በብዛት ይታይ ብዬ። እንግዲህ አስቡት፤ ከፊት አንዲት አህያ፣ ከኋላዋ በቅሎ የጫኑ ሽማግሌዎች፣ ከዚያ እግረኛው። ከሩቅ ላየን ሙሽራ ልንወስድ የምንሄድ እንጂ ድሀ ልንረዳ የምንሄድ አንመስልም።

እመት አንጓች ከሩቅ አይተውናል። ደጃቸው ስንደርስ ዶሮዋ ታርዳለች።

«ቤት ለእንግዳ! ግቡ፣ ግቡ!» አሉ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ። ፊታቸው በርቶ ነበር። ያን ፊት ልብ ብዬ ባየው ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ባለቀ፤ እኔ ግን አህያዋን ነበር የማየው።

«እመት አንጓች፣ ልንቀመጥ አልመጣንም» አልኩ። «ይህችን ነገር አድርሰን ልንመለስ ነው።»

እመት አንጓች ወደ አህያዋ ዞሩ፤ ጭነቱን አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋና ሌላ ነገር መጣ።

«ገላው ሞተ ብላችሁ ቤቱን ናቃችሁት?»

«ኧረ በጭራሽ!» አሉ ባላምባራስ።

«እንግዲያው ግቡ። የገላውን አጥንት፣ ሳትቀምሱ አትወጡም!»

በሟች አጥንት የተማለበት ሰው በልቶ ያስቀይም እንጂ ሳይበላ አያስቀይም። ገባን። አንዲት ዶሮ ለዚያ ሁሉ ሰው ስለማትበቃ ሁለተኛዋ ተከተለቻት። ጠላ ከጎረቤት መጣ። በቅሎዎቹ የክረምቱን ጭድ አጋመሱት። አህያዋ፣ እግዜር ይይላትና፣ ገብሱን ካራገፈች በኋላ ከጓሮ የነበረውን ጎመን እስከ ሥሩ አወራረደችው።

ስንመለስ ባላምባራስ ከበቅሏቸው ላይ ሆነው «ምን ያህል ነው የሰጠናቸው?» አሉ።

«ከበላነው ያንሳል» አሉ መምሬ ፈንቴ።

አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይተዋል። እኔ ግን ጥቂት ተምሬአለሁ ብያችኋለሁ። ስሕተቱ ከቀኑ ነው አልኩ። በፍስክ ቀን ድሀ ቤት መሄድ ድሀውን መዝረፍ ነው። በጾም እንሂድ! በዐቢይ ጾም፣ በጠዋት፣ እህል ውሃ በማይቀመስበት ሰዓት። እህሉን እናራግፋለን፣ እንመርቃለን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ ቤታችን ነን። ሴትዮዋ ቢያሰኛቸውም ሊያበሉን አይችሉም፤ ሃይማኖት ይከለክላቸዋል። መምሬ ፈንቴ ይህን ሲሰሙ ብዙ ሳቁ። ለምን እንደሳቁ የገባኝ ከደረስን በኋላ ነው።

በመጋቢት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበረታ፣ ካለፈው እጥፍ ገብስ ጭነን ደረስን። እመት አንጓች በደስታ ተቀበሉን። ስለ ምግብ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ባላምባራስን በክርኔ ነካሁ፤ አዩ አይደል ለማለት። እመት አንጓች በቅሎዎቹን ከዛፉ ሥር አሳሰሩ፣ ልጓማቸውንም «ዝናብ እንዳይነካው» ብለው ወደ ጓዳ አስገቡት።

በመጋቢት! በዚያ ሰማይ ላይ እንኳን ደመና የደመና ወሬ አልነበረም።

አራግፈን፣ ተመራርቀን፣ ልንነሣ ስንል ልጓሙ የለም።

«ልጓሙንስ፣ እመት አንጓች?» አሉ ባላምባራስ።

«ይገኛል። የት ይሄዳል?» አሉ እመት አንጓች፣ ተቀምጠው። «ሰዓት እስኪደርስ እናውጋ። ጾመኛን በመንገድ መስደድ ነውር አይደል? ፀሐይ ይመታችኋል።»

ባላምባራስ የሚሆን ሰው በቅሎውን በገመድ እየጎተተ በእግሩ ወደ ቤቱ አይመለስም። አገር ያያል። ሙሴው ካልተነሣ ደግሞ ማኅበሩ አይነሣም። ስለዚህ ተቀመጥን፤ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን በባዶ ሆድ ተቀመጥን። መምሬ ፈንቴ ወጉ ሲያልቅ ጸሎት ጀመሩ፣ ጸሎቱ ሲያልቅ ምስባኩን በዜማ አዜሙ፤ በዝምታው መካከል የባላምባራስ ሆድ እንደ ነጋሪት ይሰማል። ያ ቀን በሕይወቴ የጸለይኩበት ረጅሙ ቀን ነው። አሁን ሳስበው ያን ዜማ፣ ያን የጭቃ ቤት ቅዝቃዜ፣ በበሩ ቀዳዳ እየተሳበ ወደ እኛ የሚመጣውን የፀሐይ ጭረት፣ ብከፍል እንኳ አላገኘውም። ያን ጊዜ ግን የማስበው ባቄላ ብቻ ነበር።

ከጓዳ የወፍጮ ድምፅ ይሰማ ነበር። ወፍጮው ዝም ሲል ደግሞ ሌላ ድምፅ ተከተለ፤ ቅል የጎታን ወለል ሲፍቅ። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ያን ድምፅ ያውቀዋል፤ እህሉ ሊያልቅ ነው ማለት ነው። ልጠይቅ ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሊያግዙ የመጡት ጎረቤታቸው ወይዘሮ ውባለም ውሃ ሲቀዱ አገኘኋቸው።

«እትዬ ውባለም፣ ያመጣነውን ገብስ ነው የሚፈጩት?»

«እሱማ አልተበጠረም፣ አልታመሰም። እንዴት ይደርሳል?» አሉኝ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የዘር ገብሷ ነው፤ ከበረዶው የተረፈው። ጥር ላይም ከሱ ነው ፈጭታ ያበላቻችሁ፣ ለተበደረችው የጎረቤት ጠላም ብቅሉን ከሱ ነው የመለሰችው።»

«ሰኔ ላይ ታዲያ ምን ይዘራሉ?»

«እሱን እናንተ ንገሩኛ! እናንተ የምታመጡት እንደሁ ከየጎተራው የተዋጣ ድብልቅ ነው፤ ግማሹ ነቀዝ የበላው። ይበላል እንጂ አይዘራም። ካልዘራች መሬቱ ጦም ያድራል። የገላው ወንድም ስማዳ ተቀምጦ ይህንኑ ነው የሚጠብቅ። መሬቱን እኔ ልያዝ፣ አንቺን እኔ ልጡርሽ ብሎ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። ከዚያማ ወዲያ የሰው ጓዳ ጥግ ይዞ መቀመጥ ነው።» እንስራቸውን አዘሉና «አንድ ጊዜ ደግሞ ከመጣችሁላት አለቀላት» ብለውኝ ገቡ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ያን እንጀራ በላሁት። በጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ ብል ደስ ይላችሁ ነበር፤ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ የጾመ ጎረምሳ ጉሮሮ አያመዛዝንም። ሦስት ጊዜ ተጨመረልኝ።

በመንገድ ላይ የሰማሁትን ለባላምባራስ ነገርኳቸው። ትልቁ ሰውዬ በቅሏቸውን አቆሙ። ከራሳቸው ጎተራ ንጹሕ የዘር ገብስ እንደሚሰጡ ያን ጊዜውኑ ማሉ። ጥያቄው ሳንበላ እንዴት እናድርስ ነው። እሑድ፣ ሴትዮዋ ቅዳሴ ላይ ሳሉ፣ ሁለታችን ብቻ ሄደን ደጃቸው ላይ አስቀምጠን እንምጣ አልኩ። ስውር ምጽዋት! የተባረከው ዓይነት።

የረሳነው ውሻቸውን ነበር። ውሻው ቅዳሴ አይሄድም። አቁማዳውን ከበሩ ሥር እንዳስቀመጥን ከጓሮ ወጣ። እኔ ቀጭን ስለነበርኩ አጥሩን ዘለልኩት። ባላምባራስ አጥሩን አልዘለሉትም፤ ይዘውት ሄዱ። የበርኖሳቸው አንድ ጫፍ ግን ከውሻው ጋር ቀረ።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ደጀ ሰላሙ አጠገብ እንደቆመ፣ እመት አንጓች አቁማዳውን በጀርባቸው አዝለው መጡ። መካከል ላይ አወረዱት።

«ይህ የማነው? ደጄ ላይ ወድቆ አገኘሁት። መንገደኛ ጥሎት ይሆናል ብዬ አይጥ እንዳይነካው ስጠብቅለት ሰነበትኩ።» አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ከነጠላቸው ውስጥ አወጡና ከአቁማዳው ላይ አኖሩ። «ባለቤቱ ፈልጎ ፈልጎ ርቦት ይሆናል ብዬም ይህችን ጋገርኩለት።»

ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ይህም አለ» ብለው ከመቀነታቸው የበርኖሱን ቁራጭ መዘዙ።

በዚያ አጥቢያ በርኖስ የሚለብስ ሰው አንድ ነው። ባላምባራስ የተቀደደውን ጎን በብብታቸው ሥር አጣጥፈው የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት እንደ አዲስ ያዩት ነበር።

መምሬ ፈንቴ ቀረብ አሉ። «አንጓች ልጄ፣ ገብሱ ያንቺ ነው። ስለ መድኃኔ ዓለም የተሰጠ ነው፤ ተቀበዪ።»

«መቼ አጣሁ አልኩ፣ አባ?»

«የዘር ገብስሽን ስትፈጪ ታይተሻል።»

«እንግዳ መጣብኛ! ድንጋይ ልፍጭ?»

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

«አባ፣ እኔ ስለ ገብስ አላለቀስኩም። ገላው ሲሞት አለቀስኩ፤ እሱንስ እግዜር ወሰደው፣ ምን እላለሁ። ተራችን የደረሰ ለት ግን ቤቴን ጠርጌ፣ ጠላዬን ጠምቄ፣ ጽዋው ይመጣል ብዬ ደጅ ደጁን ሳይ ዋልኩ። እልልታው ከባላምባራስ ቤት ተነሣ፤ ወደ እኔ መጣ፤ በደጄ አለፈ፤ የዚህ ልጅ አባት ቤት ገባ። ጠላውን ለውሻ ደፋሁት።» ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሁላችንም አዩ። «ጥር ላይ ማኅበሩ ተሰብስቦ ሲመጣ ሳይ፣ ተራዬን ይዘውልኝ መጡ አልኩ። ዶሮዋን ያረድኩት ለዚያ ነው። አህያዋን ያየሁት ኋላ ነው።»

«እኛ እኮ እንዳይከብድዎ ብለን ነው፣ እመት አንጓች» አሉ ባላምባራስ፣ በቀጭን ድምፅ።

«ማን ከበደኝ አለዎ፣ ባላምባራስ?»

እስከ ዛሬም ለዚህ ጥያቄ መልስ አላገኘሁለትም፤ የከተማውን የበጎ አድራጎት ማኅበር ዐዋቂዎችም ጠይቄአለሁ።

የግንቦት መድኃኔ ዓለም ተራ የማን ነው ተባለ። የእኔ ነበር። ተራዬን ለእመት አንጓች ለቀቅሁ፤ ጽዋውም ወደ ቀድሞ መንገዱ ተመለሰ።

አሁን ደግሞ የሆነውን ስሙ። ያች በደጅ የተጣለላትን አቁማዳ በጀርባዋ አዝላ የመለሰች ሴት፣ ተረኛ ከሆነች ወዲያ ሌላ ሰው ሆነች። ተረኛ ሲደክም ማኅበርተኛ ያግዛል የሚል ደንብ አለን። በዚያ ደንብ መጀመሪያ ብቅል አነሰኝ ብለው ላኩ። ባላምባራስ ሰደዱ። «እንክርዳድ አለበት፤ ይበጠር» ተብሎ ተመለሰ። ባላምባራስ በዚያ ሁሉ ማዕረጋቸው ብቅሉን አስበጥረው ዳግመኛ ሰደዱ። እኔን ጌሾ ከመካነ ኢየሱስ ገበያ አምጣልኝ አሉኝ።

«ንፋስ መውጫም እኮ ጌሾ አለ፣ እመት አንጓች። መካነ ኢየሱስ እስቴ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው።»

«የንፋስ መውጫው እንጨቱ ይበዛል። አንተ ወጣት አይደለህ? መውጣት አለብን ስትል አልነበር? ውጣ!»

ወጣሁ። ጌሾውን አመጣሁ። «ይህ ነው የመረጥከው?» ተባልኩ።

በሃያ ሰባት እንዲያ ያለ ማኅበር ጠጣን። እመት አንጓች ባለፈው ወር ከባላምባራስ ቤት ጽዋውን ሲቀበሉ እልልታውን ራሳቸው ጀምረውት ነበር። መጨረሻ ላይ፣ ባላምባራስ በተዝናኑበት ሰዓት፣ እመት አንጓች ከአጠገባቸው ተቀመጡ።

«ባላምባራስ፣ ሰኔ ሊገባ ነው። ያቺ መንገደኛ የጣላት አቁማዳ የት ገባች?»

«እኔ ቤት አለች።»

«ከነበሬው ይዘዋት ይምጡ። ለማኅበርተኛ አይታረስም?»

በሳምንቱ የማኅበሩ በሬዎች ሁሉ በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ተጠመዱ፤ የእኔ አመለኛ በሬ እንኳ ማንንም ሳይወጋ ዋለ። ገብሱ ተዘራ። የገላው ወንድም ወሬ ሰምቶ ከስማዳ ወጣ፤ ትልሙን አየ፣ ምንም አልተናገረም፤ እሱንም አበሉትና ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የባላምባራስ አጨዳ ሲደርስ እመት አንጓች ጋን ሙሉ ጠላ በአህያ አስጭነው ሲመጡ ያየ፣ ማን ማንን እንደረዳ መለየት አይችልም።

ገብሱ የተዘራ ለት ከእርሻው ስንመለስ ለመምሬ ፈንቴ ሒሳቡ አልገባኝም አልኳቸው። «ዶሮዎቹ አሉ፣ ጭዱ አለ፣ ጎመኑ አለ፣ በርኖሱ አለ፣ የእኔ እግር አለ። ይህን ሁሉ ከፍለን ጽድቁ ለማን ተጻፈ?»

«ለአንጓች» አሉ፣ ሳያስቡ። «እኛማ በላን።»

መምሬ ፈንቴም፣ ባላምባራስም፣ እመት አንጓችም ዛሬ እዚያው ደጀ ሰላም አጠገብ ናቸው፤ ተራ በማይታለፍበት ቦታ። እኔ ከተማ ተቀምጬ፣ ጽዋ የማያልፍበት ቤት ውስጥ፣ በሃያ ሰባት ቀን ብቻዬን ሻይ እጠጣለሁ። ባርኔጣ ያደረጉት ወይዛዝርት እንደገና እንደሚመጡ አውቃለሁ፤ ምናልባት በሚቀጥለው ጊዜ ድሀው እኔ እሆናለሁ፤ ያን ጊዜ ልጓማቸውን እደብቃለሁ።

እናንተን ግን አንድ ነገር ልለምን። «እንዳይከብደው» ብላችሁ ተራውን ያነሣችሁበት አንድ ሰው አለ፤ አሁን ይህን ስታነቡ ስሙ መጥቶላችኋል። ነገ ቤቱ ሂዱ። የምትሰጡት ካለ ያዙ፣ ከሌለ ተዉት። ቁርስ በልታችሁ ግን እንዳትሄዱ።